እጅ ያጠራት ሴት

«እጅ አጠረኝ» ያለ ሰው፣ ስለ ኪሱ ነው ነገሩ፤
ሺዙኤን ያጠራት ግን፣ ክንዷ ነው፣ ከነጥፍሩ።
ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከላይኛው መደርደሪያ
ዕቃ የምታወርደው፣ በሾርባ ማማሰያ።

ከተማዋ ሳካይ ናት፣ ብስክሌት የሚሠራባት፤
የራሷ ብስክሌት ግን፣ እስካሁን የቸገራት።
አራተኛ ፎቅ ነው ቤቷ፤ አሳንሰር የለውም፤
አከራይዋ ደግሞ ከታች፣ «ግቢዬ ውስጥ አይቆምም።»
ባቡሩም ሕግ አለው፦ ታጥፎ በከረጢት
ካልገባ አይሳፈርም፣ ቢሆንም የእመቤት።
ስለዚህ ተጣጣፊ ያሻታል፣ እንደ ሸሚዝ የሚታጠፍ፤
ታቅፋው ፎቁን ወጥታ፣ ከአልጋዋ ሥር የሚያርፍ።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ፣ ፀጉሩን ቢጫ የነከረ፣
«ይቺ ለሁሉም ልክ ናት» ብሎ፣ ሳይለካት መሰከረ።
ለሁሉም።
እግሯ ፔዳሉን አገኘ፤ ኮርቻው ዝቅ አለላት፤
መሪው ግን ወዲያ ማዶ ሆኖ፣ እንደ ኩሩ ዘመድ ራቃት።
ደረቷ ወደ ፊት ወድቆ፣ አንገቷ ቀና ብሎ፣
ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ፣ ሽቅብ ተሰቅሎ፣
ልብስ ማስጫ ላይ የተረሳች፣ እርጥብ ሹራብ መሰለች።
ልጁ «ይለመዳል» አላት። እሷም «ደህና ዋል» አለች።

ሁለተኛው ሱቅ ኮርቻውን፣ ወደ መሪው ገፋላት፤
ክንዷን ሊያሳርፍ ብሎ፣ ጉልበቷን አሳመማት።
ሦስተኛው የልጅ አመጣ፣ ሮዝ፣ ከነቃጭሉ ከነዘንጉ፤
አልተቆጣችም። አንዴ አቃጨለችው፣ ለወጉ።
አራተኛው ቤት ያለችው፣ ልኳ ነበረች፣ ዋጋዋን እስክታነበው፤
እዚህ ላይ እጇ ዳግም አጠረ፤ በዚያኛውም ፍቺ ነው።

ማታ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ ተከምሮ፣
አርባ ዓመት የለመደችው፣ እጅጌ የማሳጠር ኑሮ
እየቀጠለ ሳለ፣ መቀሱ ጨርቁ መሐል ቆመ።
ለአንድም ልጅ ብላ አታውቅም፣ «ክንድህ ነው የተጣመመ።»
እጅጌ ነው የሚቆረጥ፤ እጅ ተቆርጦ አያውቅም።
ብረት ስለሆነ ብቻ፣ ጨርቅ ከመሆን አያመልጥም።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣
ክርኗን ሳታስገድደው፣ ትንሽ ብቻ አጉብጣ፣
ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ እስከ መዳፏ ለካች፤
በአሮጌ ንድፍ ጀርባ ላይ፣ ሃምሳ ሁለት ተኩል ጻፈች።

በባቡር ድልድይ ሥር፣ ኩራሞቶ የተባለ ጠጋኝ፣
ወረቀቷን አነበበ። «ማን ለካሽ?» «እኔው ነኝ።»
ወደ ጓዳ ገባ። ቆየ። የሆነ ነገር ተንኳኳ፤
አንዲት አሮጌ ይዞ ወጣ፣ ሰማያዊ፣ የጠፋ መልኳ።
መሪዋን የተሸከመው አንገት፣ ወደ ፊት ነው ያጋደለ፤
«ይህ ነው አንቺን የሚያርቅሽ፣ ሌላ ጥፋት የላት» አለ።
«ብናዞረውስ?» አለችው፣ ኮሌታ እንደ ተገለበጠ።
«ሲታጠፍ ይጋጫል።» ሞከሩት፤ በሁለት ጣት አመለጠ።

ወጣችባት። ክርኗ ላላ፤ ትከሻዋ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤
ጣቷ ፍሬኑን ፈለገ፤ ሳይንጠራራ ደረሰ።
ደረሰ፣
ብላ ደገመችው፣ ለራሷ፣ በቀስታ፤
ኩራሞቶ አልሰማም፤ ብሎን ያጠብቃል በዝምታ።

ዋጋውን ስትጠይቀው፣ ካፖርቱን አወለቀ፤
እጅጌው ሦስቴ ተጠቅልሎም፣ በሰንሰለት የተቦጨቀ።
«ግማሹን በዚህ ትከፍያለሽ» አለ፣ ፊቱ ትንሽ ቀላ፤
ለካ የሱም ክንድ አጭር ነው፤ ያልተናገረው ለሌላ።

እሑድ፣ በያማቶ ወንዝ ዳር፣ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ፣
ሰው ሁሉ ቀድሟት ሲያልፍ፣ አልቸኮለችም እሷ።
አንድ ሽመላ ውሃ ውስጥ፣ ረዥም አንገቱን ቢያዞርባት፣
ደወሏን ደወለችበት።

አራት ፎቅ ተሸክማ ወጣች፣ በየእረፍቱ እየቆመች፤
ከአልጋው ሥር ስትከታት ግን፣ በሁለት ጣት ተረፈች።
መዶሻ። አራት የጣውላ ቁራጭ።
አልጋው ይርዘም እንግዲህ።

ሌሊት አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ቁጭ ብላ ወደ ታች አየች፤
እግሯ መሬት አይደርስም።
ሳቀች።