ሌላ

«ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ» አለችኝ ጦይባ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ አዙራ፣
«ሳተላይቱ የት እንደቆምን እስኪያጣራ።»
ቆምኩ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበት ጠቅልዬ፣
እንደ ተከሳሽ ሰው አንገቴን ጥዬ።
«ስምንት ሜትር ይሳሳታል፣ ግን ይበቃናል።»
የኔንስ ስህተት በስንት ሜትር ማን ለክቶታል?

እሷ ታነባለች፣ እኔ እመልሳለሁ።
ወፍ? ሁለት ጋጋኖ፣ ባሕር ዛፉ ላይ፤ ሳላያቸው በፊት በጩኸት አውቃለሁ።
ዓሣ? አላየሁም።
እንቁራሪት? ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።
«ዜሮ ብዬ ልሙላ?»
«ያላየነው ነገር እንዴት ይሞላል?»
«መምህር አስረስ ነግረውናል፤ ዜሮም መረጃ ነው፣ ያላየነውም ይቆጠራል።»

ቃሉን በጉንጬ ይዤው ቆየሁ፣ እንደ ጠጠር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ያላየሁት ነገር ስንት ይሆን፣ ቢቆጠር?

ወንፊቱን ነከርን። የዱቄት ወንፊት ነው፣ እናቷ ሳታውቅ የመጣ፤
ድንጋይ ገልብጠን፣ ደለል አጥበን፣ ከሥሩ ማን ይውጣ?
ክር የመሰለ ቀይ ትል። አንድ አልቅት።
ስልኩ ሥዕል ደረደረ፣ ከሥሩ በላቲን ስም፣ የማላነበው ዓይነት።
ባለ ሦስት ጭራዋ ላይ ስንደርስ ግን «ቆይ» አልኩ፣ «ልጅ ሆኜ፣
ከደሴ በኩል ጠርቶ ሲወርድ፣ በእፍኜ
ስጠጣ፣ መዳፌ ላይ ስትሄድ አይቻታለሁ።
ሙሽሪት ነበር የምንላት።» ዛሬ የለችም፤ ሦስቴ ፈልጌያለሁ።
ጦይባ ጻፈች፦ ሙሽሪት፣ ዜሮ።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። የውሃው ቀለም?
ጥርት ያለ። ቡናማ። አረንጓዴ። ሌላ።
ጣቷ ካራቱ ቃል በላይ ተሰቅላ
ዓይን ዓይኔን አየችኝ።
ውሃው ሰማያዊ ነው። እንደ ሰማይ አይደለም፤
እንደ ሰኞ።

ሰኞ ሰማያዊ እንነክር ነበር። ማክሰኞ ጥቁር፣ የሐዘን ልብስ፤
ሐሙስ ቀይ፣ ለበዓል ሰሞን የሚለበስ።
የቀለም ክፍሉ የሙህዬ ዓሊጋዝ፣ ባለ ሰማያዊ ጥፍር፣
ፈረቃው ሲያልቅ ቧንቧ ከፍቼ፣ ጋኑ እስኪጎድል የምቆጥር።
የታች ሰፈር ሰው ቀን የሚያውቀው በወንዝ ነው፣ አሉ፤
«ቀይ ወረደ፣ ሐሙስ ገባ» እየተባባሉ።
ሰምቼ ስቄያለሁ። ቀልዱ በእጄ የተሠራ፤
ሳቄንም ይቁጠሩት እንግዲህ፣ ከዜሮዎቹ ጋራ።
ዛሬ ቅዳሜ ነው። እኔ ጡረታ ነኝ።
ቧንቧውን ሌላ ሰው ይከፍተዋል።

«ሌላ የሚለውን ንኪ» አልኳት። ባዶ ሳጥን ተከፈተ፦
ይግለጹ፣ ከሃምሳ ፊደል ሳይበልጥ።
ሃምሳ! ለሠላሳ አንድ ዓመት!
እየነገርኳት ጻፈች፦
«ሰማያዊ። ከቱቦው በታች። ሌሊት ይለቀቃል። የማውቀው ራሴም እለቀው ስለነበር ነው»
እዚህ ላይ ፊደሉ አለቀ። አራት ነጥቡን ከለከለን።

የተመልካች ስም?
ጣቷ የራሷን ስም ጀምሮ፣ ጦ ላይ ቆመ።
«የኔን አድርጊው።»
«የርስዎን?»
«ከነአባቴ። አብሽሪ።»

ኔትወርክ አልነበረም። «ስልኩ ይይዘዋል፣
አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ራሱ ይሄዳል።»
ወጣን። እሷ ከፊት፣ ወንፊቱን እያንጠባጠበች፤
እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ አንዳንዴ ቆም እያለች።
የባጃጆቹ ተራ ጋ ስልኩ ጮኸ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ጫጩት።
«ሄደ» አለች።
ወዴት፣ አላልኳትም። ማን እንደሚያነበው አላልኳትም።
እጄን ኪሴ ከተትኩት።

«የሚቀጥለው ቅዳሜም ይመጣሉ?»
«እመጣለሁ። አንቺ ግን
የወንፊቱን ነገር
ለእናትሽ ንገሪያት።»