በየካቲት አሳየኝ

ሥዕሉ አምሮ ነበር፤ አልዋሽም፣ ወድጄዋለሁ።
በኦውሉ፣ ከወንዙ ዳር፣ ቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ፣
በወረቀት ገና፤
ግራጫ ድንጋይ፣ ግራጫ ወለል፣ በሩ መስታወት፣ ጠርዙ የቀና።
ለባለ ጎማ ወንበርም ተዳፋት መውጫ አልረሳሁም፤
በሃያ ክንድ አንድ ክንድ፣ ከሕጉ አንዲት ጣት አላጎደልሁም።
ሕጉን እንደ ዳዊት በቃሌ እደግማለሁ፤
የበሩን ስፋት፣ የመደገፊያውን ቁመት፣ ሌሊት ቢቀሰቅሱኝ እናገራለሁ።

ቱሊኪ በኅዳር መጣች፣ ቀኑ ገና በዘጠኝ ሰዓት ሲጨልም፤
ነጭ በትሯን አጥፋ ከጉልበቷ ላይ አኖረች፤ አልቸኮለችም።
በአንድ ዓይኗ ጥላ ታያለች፤ በሌላው ምንም።
ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዋ ይህ ነበር፤
ካልተሠራ ቤት ገብታ፣ የት እንደሚያደናቅፍ አስቀድሞ መናገር።
እኔ ደግሞ፣ ሞኙ፣ ጽድቅ መስሎኝ ሥራዋ
ኬክ ገዝቼ ጠበቅኋት፣ ይህ ይመስል ዋጋዋ።
ቆረሰች፤ በላች፤ ከዚያ ሒሳቧን አቀረበች፤
«ለብረት መሐንዲሱም የምትከፍለው በኬክ ነው?» አለች።
ፈረምሁ። ጆሮዬ ቀላ።

ሞዴሉን በጣቷ ዳሰሰች፣ ዝም ብላ፣ ዙሪያውን፤
ጠየቀችኝ ቀለሙን።
«ግራጫ በግራጫ» አልኋት፣ ኮራ ብዬ፣ ሳልጠረጥር።
«እንግዲያ ደረጃህን የማገኘው ወድቄ ነው፤ ሌላ ምን ምልክት ነበር?»
«መውጫውስ?» አልኋት ቸኩዬ፣ ያው ልመሰገን።
«መውጫው ሕጋዊ ነው፤ መልካም። ግን በየካቲት አሳየኝ እስቲ እሱን።»

ምን ልበል? በሥዕሌ ውስጥ ሁልጊዜ በጋ ነው፤
ዛፉ ቅጠል አለው፤
ሕፃን ፊኛ ይዞ ይሮጣል፤ የሚያረጅ የለም፤ የሚያነክስ የለም፤
በረዶ ጥሎ አያውቅም።

«በረዶ ጠራጊው ማነው? ስሙን ታውቃለህ?»
አላውቅም። «ጥራው፤ ከኔ ይበልጥ ይመክርሃል፤ ትሰማለህ።»

ኤስኮ መጣ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ኮፍያውን በእጁ እያሸ፣
ከወንበሩ ጫፍ ቁጭ ብሎ፣ ከሥዕሉ እየሸሸ።
ሠላሳ ክረምት ጠርጓል፤ ስብሰባ የጠራው ግን የለም።
በወፍራም ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰነጠቀው የኔን ዓለም፤
«ክምሩን የምጥለው እዚህ ነው» አለ፤ መውጫው ላይ፣ ልክ መሃሉን።
«ሌላ ቦታ አልተውክልኝማ። ወዴት ልውሰደው ይህን ሁሉን?»

ሃያ ክንድ አንድ ክንዴ፣ የሕጌ አበባ፣
ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በበረዶ ሊቀበር ኖሯል፣ አንድ ሰው ሳያስገባ!

ተከራከርን፣ እርግጥ። የማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ ሹም «ስንት ሰው ነው?» አለ፣ «በዓመት ስንት?»
«እስካሁን ማን መጥቶ ይቆጠር?» አለች፣ «በዝግ ደጅ ፊት።»
መውጫውን ከጣሪያ ሥር አስገባነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዞረ፤
ለክምሩም ቦታ ተሰጠው፤ በካርታው ላይ ስሙ ሰፈረ።
የደረጃው ጠርዝ ቢጫ ሆነ። አመመኝ፤ እውነቱን ልናገር፤
አሁንም በሕልሜ ግራጫ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ፍቅር።

አሁን የካቲት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
ከመንገዱ ማዶ ቆሜያለሁ፣ እንደ ሌባ፣ ከአንድ ዛፍ ኋላ፣ በድብቅ ዓይነት።
አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች፣ በስልክ እያወራች፣
ገባች።
አንድ ሽማግሌ በባለ ጎማ ምርኩዙ፤ ፖስተኛው ሣጥን ተሸክሞ፤
መውጫውን ያየው የለም፤ ገቡ እንጂ፣ ማንም አልቆመ ተገርሞ።
ኤስኮ ከመኪናው ላይ ጡሩምባ ነካ አደረገልኝ፤
ክምሩ ከቦታው፣ እንደ ግመል ተጋድሞ።

ቱሊኪ ደረሰች፤ በትሯ ከፊት፣ መጽሐፍ በብብቷ፤
ወጣች፣ አንዴም ሳትቆም። አበቃ አልሁ፤ ደስታ ፈለግሁ ከፊቷ።
በሩ ጋ ጓንቷን አወለቀች፤ እጀታውን ያዘች፤
ድንገት እጇን መለሰች።
«ቬይኮ!» አለች ወደ መንገዱ ዞራ፤ ጡሩምባውን ሰምታ ኖሯል፣
«ብረት? በዚህ ብርድ? ቆዳ ይልጣል!
ማን መረጠው?»
እኔ ነኝ አልኋት።
ማስታወሻዬን አወጣሁ። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፣ ቀለሙ ረግቶ።
በትንፋሼ አሞቅሁት።