ከሽንሌ ጀምሮ

እስከ ሰማንያ ስምንት አንድ ለባዶ መርተን፣
የድሬን ጠራራ በካርቶን መክተን፣
ዚያድ የለውዝ ትሪውን እግሩ ስር ረስቶ፣
ሙርሰል በር ላይ ባጃጁን አስነስቶ፣
«ለጭፈራው ልቅደም፣ ከዚራን ልዙራት» ሲል፣
የእኔ ሆድ ግን ባር ባር ሲል፤

ጥግ ወስዶ መደበቅ፣ የጫማ ክር ማሰር፣
ወድቆ፣ ወገብ ይዞ፣ ማቃሰት ሳይቸግር፣
ተከላካይ ሁሉ ጎል ሊጨምር ሄደ፣
ሙሽራ እንደሚያጅብ ተግተልትሎ ነጎደ።
በረኛው ብቻውን እጁን ያወናጭፋል፤
«ተመለሱ!» ይላል። ማን ይሰማዋል?

የቀረው የታወቀ ነው።
ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ከግራ ተሻማ፣ ገባ።
በጭማሪው ሦስተኛ ደቂቃ ደግሞ
የእኛኑ ልጅ ጉልበት ነክቶ ገባ።
ዚያድ ሲነሳ ትሪውን ረገጠው፤
ሙርሰል ውጭ ሆኖ ዝምታችንን ሰምቶ
ሞተሩን አጠፋው።

ያኔ አባ ኡመርዲን፣ የድሮ የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ፣
ገራባውን ከጭኑ አራግፎ፦
«ፍሬን የሚያዘው ጣቢያ ሲደርሱ አይደለም፤
ከሽንሌ ጀምሮ ነው፣ ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ።
እነዚህ ፍሬን መኖሩ ትዝ የሚላቸው
ግድግዳውን ሲያዩ ነው» አለ።
ማንም አልሳቀም።

ለውዙን ከአቧራው ለቀምንለት፤ ገዝተንም በላነው።
ደረቁን ደቻቱ በእግር ስናቋርጥ
አሸዋው በተቀደደ ጫማዬ ሾልኮ፦
«እሱም ገባ» አለ ዚያድ።

ቤት ስደርስ ፈትሂያ «ስንት ለስንት?» አለችኝ።
«እስከ ሰማንያ ስምንት» አልኳት፣
«አንድ ለባዶ።»