ሩብ

ዛፍ የማያበቅል የናላቦር ሜዳ፤
ዝንብ እንኳ ለጥላ የጎማ ሥር እንግዳ።
ባለጎማው ቤት ውስጥ አየሩ ቆሟል፣
መርቭ ከታች ገብቶ በጀርባው ተኝቷል።

ጄኔሬተሩማ ይነሳል፣ ያጉረመርማል፤
ኤሲው እፍ ሊል ሲል ያስነጥስና ዝም ይላል።

ካንዴላውን ፈታ፣ ጠረገ፣ አሰረ፤
ፊልትሮውን አራገፈ፣ በአቧራው ሰከረ፤
ካፓሲተሩን ሰደበ፣ አምራቹን ረገመ፤
አሥር ቁጥር ቁልፉ እንደ ፍም ፈጀውና
ወርውሮት፣ መልሶ ሊፈልገው አዘመመ።

ግሌኒስ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ፣
የመጨረሻዋን በረዶ ከውሻው ተካፍላ፣
መሪው ጋ ሄደች፤ ጌጁን አየችው።
«መርቭ፣ ከሩብ በታች ነን» አለችው።

የሻጩ ቃል ያኔ መጣበት፣
በችኮላ ፈርሞ ያልሰማበት፦
«የጄኔሬተሩ ቱቦ ሩቡ ላይ ያበቃል፤
የቀረው ለመንገድ ነው፣ ለመውጫ ይበቃል።»

ለካስ አልታመመም፤ እምቢ ያለው አውቆ ነው፣
የመመለሻቸውን ስንቅ ጠብቆ ነው።
መርቭ ከተኛበት እጁን ዘረጋና
የጋለውን ክዳን መታ መታ አደረገው፣
እንደ ፈረስ አንገት።

መስኮቱን ከፍተው ነዱ። ነፋሱም እሳት ነው።
ግሌኒስ አልሳቀችም—
እስከ ማደያው።