አንድ ጡጫ ከጣት

ሙሄ ከብሎምፎንቴይን ሲመለስ፣
በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣው ጥቁር ብረት፣
ከጡብ የማይበልጥ፣ ካሜራ ተሸክሞ የሚዞር፤
መሬት ወደ ምሥራቅ ስትሸሽ
እሱ ቀስ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚቀር።

«ኮከብ ተከታይ ነው» አለኝ።
እኔ ሠርግ ተከታይ ነኝ። ፎቶ ቤቴ ሸዋ በር፤
ሙሽራና ሚዜ፣ የመታወቂያ ጉርድ፤
በሌንሴ ያለፈ ሰማይ ቢኖር
ከሙሽሮች ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ በቀለም የሳልኩት ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ ትንፋሽ ሲወስድ፣
ባጃጅ ተከራይተን ቦሩ ሜዳ ወጣን።
ብርዱ ጣት አያሳጥፍም።
ሶስቱን እግር ተከልን፤ ውሃ ልኩን አየን፤
አረፋዋ መሀል ገባች፣ ወጣች፣ ገባች፤
እንደ ጀማሪ ግንበኛ ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን።

«አሁን የሰማዩን እንብርት ፈልግ» አለ።
«እኛ ጋ» (እዚያን አሁንም «እኛ ጋ» ይለዋል)
«እኛ ጋ እንብርቱ ላይ ኮከብ የለም። ባዶ ነው።
አጠገቡ አራት ፈዛዞች አሉ፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ የሚመስሉ፤
እነሱን እስክታገኝ አንገትህ ይደርቃል።
ሱቄን ዘግቼ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ፣
ዘጠኝ ዓመት ባዶ ላይ አነጣጠርኩ።»

የደቡብ መስቀል ከደሴ መብራት በላይ ቆሟል፣
ዘንበል ብሎ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ዘበኛ።
ሙሄ ቁመቱን በጣቱ ለካ፤
አራት ጊዜ ተኩል ወደ ታች ሊቆጥር ጀመረ፤
ሶስተኛው ሳያልቅ ጣቱ መሬት ገባ።
«ከእግራችን በታች ነው» አለ። ሳቀ።
ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም።

ያኔ ክንዴን ወደ ሰሜን ዘረጋሁ።
አባቴ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ቱምቢ ሲያወርድ ያረጀ።
«ጡጫህን አድማሱ ላይ አስቀምጥ፤ አንድ ጣት ጨምርበት፤
ያቺ ብቻዋን የቆመችው፣ የማትነቃነቀው፣ እሷ ናት።
ፈረንጅ አገር አናት ላይ ትወጣለች አሉ፤
እኛ ዘንድ ዝቅ ብላ ነው፤
ጎንበስ ካላልክ አታያትም» ይለኝ ነበር።

ጎንበስ አልን። የኩታበር ጉም ውጧታል።
ጠበቅን። ውሻ ጮኸ። አንድ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ።
ስድስት ሰዓት። ሰባት።
ጉሙ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ትንሽ ተነሳና
አለች።
ብረቱ ግን አንገቱ ይህን ያህል ዝቅ ማለት አያውቅም፤
ከኋላ እግሮቹ ሥር ድንጋይ ከተትን፣ ውሃ ልኩን ረሳን፤
እየሰገደ እንዳለ ሰው ወደ ፊት ደፋነውና አገናኘን።

አራት ደቂቃ። ምስሉን ከፈትን፤
ኮከቡ ሁሉ የተበጠሰ ክር።
እንደገና። እንደገና ክር።
ተሰዳደብን፤ አስታረቀን ብርዱ።
በኋላ፣ ከብረቱ ጎን፣ በጥፍር ካልሆነ የማትነካ ስዊች፣
«ደቡብ» ላይ ነበረች።
ሞተሩ ሌሊቱን በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ
ኮከቡን እጥፍ አሽሽቶታል።
ሳናበራው፣ ዝም ብለን ብንቆም ኖሮ
የምንስተው ግማሹን ነበር።

ሙሄ ስዊቿን ረጅም ጊዜ አያት።
«ነክቻት አላውቅም» አለ። «አንተ ገልብጣት።»
ቀጭ።

አንዲት ፎቶ ብቻ ደረሰችልን፣ ደመናው ሳይመለስ።
ኮከቦቹ ጠሩ፤ እንደ ጨው ፍሬ ተቆጠሩ፤
ፍኖተ ሐሊብ ከምሥራቅ እንደ ጭስ ቆመ።
ከሥር ግን ደሴ ተጎትታለች፤
ካሜራው ሰማይ ሲከተል መሬቱን ጥሎ፣
አምፖሉ፣ ጣሪያው፣ የመስጊዱ መብራት
አንድ ላይ ተልጎ።

ሙሄ ስክሪኑን ወደ ፊቱ አስጠጋ፤
በደነዘዘ ጣቱ የብርሃኑን ጭረት
ከዳር እስከ ዳር እየተከተለ
«ቤታችን የቱ ጋ ነው?» አለኝ።