በደረሰኙ ጀርባ

«ለአንድ ቱቦ ጠረጋ፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ?»
ብለዋል፣ አቶ ፕሮኮፕ። ጀርባው ይነበብ።

ውስጥ ማድረቂያው ይጮኻል፤ ውጭ ትንፋሽ ነጥፏል፤
የመውጫው አፍ ላይ አምና ወፍ ጎጆ ቀልሷል።
በመሰላል ወጣሁ፣ ውርጩ ጣቴን ሲልጥ፣
ሰባት ሜትር ዘንጌን ሰደድኩት ወደ ውስጥ፤
ባዘቶ ጎተትኩኝ፣ ሁለት ማዳበሪያ፤
ላዩ ብርቱካንማ፣ የመንገድ ሠሪ ሰደርያ፣
ቀጥሎ የውሻ ጠጉር፣ ከሥሩ ደግሞ
ሐምራዊ፣ ልስልስ፦ የሕፃን ብርድ ልብስ፣
ሌት ሌት የታጠበ፣ ልጁ ክረምቱን ታሞ።

እርስዎ የሚያውቁት «ፎቅ» ወይም «ምድር ቤት»፣
የወሩን መጀመሪያ፣ የቼኩን ዕለት፤
ቱቦው ግን ይዟቸዋል፣ ሁሉን በየተራ፣
አንዱን ባንዱ ደርቦ፣ ስም ሳይጠራ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ብሩሼ ጠቆረ።
አሸተትኩት።
እሳት እዚህ ቤት መጥቶ ነበረ፤
የተኙትን አይቶ፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣
ተመልሶ ሄዷል፣ ሳይረግጥ ስጋጃ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤
ይሄኛው ሲያብር ግን፣ ሰው በሩን ያጣል።

ላይኛው ፎቅ ያለችው ማርጎ፣ ፎጣ አውጥታ
ጉንጯ ላይ አኖረች፤
ባንድ ዙር ደርቆላት፣ አላመነችም ላፍታ።

ዋጋው ያው ነው፣ ጌታዬ፤ አልቀንስም ሳንቲም።
የወፉን ጎጆ ግን አላስከፈልኩበትም፤
ከአጥሩ ቋሚ ላይ ነው። ሚያዝያ ሲመጣ
አይንኩት።

አይላ ኮስኪ፣ ተንደር ቤይ