አውራ ጣት

ጦሳ ጉም ለብሶ ቁልቁል ሲንጠባጠብ፣
ከሆጤ እስከ አራዳ ፊርማ ስሰበስብ፦
«ይመር ይውረድልን፣ ውክልናው ይነሣ፣
ጠመንጃ ይመዝገብ ሲሉ እጁን አነሣ።»

መጀመሪያ የፈረምኩ እኔ ነኝ፣ አልሸመጥጥም፤
የአባቴን ምንሽር ለማንም መዝገብ አልሰጥም፤
ካባቴ ፎቶ ጎን ምስማር ላይ ሰቅዬ፣
በየወሩ የማቅፈው፣ በዘይት ወልውዬ።

ቧንቧ ውሃ ወርጄ ዘሀራን ጠራኋት፤
የሠርግ ጥይት ነው ልጇን የነጠቃት፤
ከሰማይ የመጣ፣ ማንም ያልላከው፣
ቆርቆሮውን በስቶ እንቅልፉን የነካው።

አነበብኩላት። ዝም። ቀለሙን ሳበችው፣
አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ ጫነችው።

«አውቀሽ ነው፣ ዘሀራ?»
«አውቄ ነው። ያኔ፣ ልጄን ስቀብር፣
ያ ያነሣው እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።
ይውረድ፣ ስለዘገየ።»

ከዚያ ጣቴን አየች፤ አልጨመረች ነገር።
ያን ለት ወደ ሰማይ የተኮስነው ስንቆጠር
አሥራ አንድ ነበርን።

ሦስት መቶ ስድስት ስም ደረት ኪሴ ውስጥ አለ፤
ዝናቡ የአንዱን ዳር አርሶ አበላሸ፣ የማን እንደሆነ አልለየሁም።
ቢሮው ሊዘጋ ነው። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤
ምራቄን ቀብቼ ጣቴን አሻለሁ።